የጆሮ ጩኸት፦ መንስኤዎቹና ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው ክትትል

መግቢያ

ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ሳይኖር በአንድ ወይም በሁለት ጆሮ፣ አንዳንዴም በጭንቅላት ውስጥ ድምፅ መሰማት በሕክምና አጠራሩ ቲናይተስ፣ በተለምዶ ደግሞ የጆሮ ጩኸት ይባላል። ሕመምተኞች ስሜቱን በየራሳቸው አገላለጽ ያስረዳሉ። አንዱ «ጆሮዬ ይጮኻል» ሲል ሌላው «ጭው ይልብኛል» ይላል፤ እንደ ንብ መንጋ፣ እንደ ወራጅ ውኃ፣ እንደ ፉጨት ወይም እንደ ልብ ትርታ የሚሰማቸውም አሉ። በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን ያጠቃለለና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ትንተና እንዳመለከተው ከአዋቂዎች መካከል 14 በመቶ ያህሉ የጆሮ ጩኸት የሚሰማቸው ሲሆን፣ ከአዋቂዎች 2 በመቶ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ሁኔታው የከፋ ነው።

የጆሮ ጩኸት በራሱ በሽታ ሳይሆን የሌላ ችግር ምልክት ነው። ከጀርባው ያለው ችግር በጆሮ ቦይ ውስጥ እንደ ተጠራቀመ ኩክ ቀላል፣ ወይም በመስማት ነርቭ ላይ እንደሚያድግ ዕጢ ከባድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሕመምተኞች «ይህ የዕድሜ ነገር ነው፤ ይለመዳል» ተብለው የሚሰናበቱ በመሆኑ፣ በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ መስማታቸውን ማትረፍ ይቻል የነበረ ሰዎች ዕድሉ ያመልጣቸዋል። በተለይም ለጆሮ ጎጂ የሆኑ መድኃኒቶች በሚሰጡበት ጊዜ ጩኸቱ ዘላቂ ጉዳት ከመድረሱ በፊት የሚሰማ ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች ዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊደረግ የሚችለው ምርመራና ለሕመምተኛው ሊሰጥ የሚገባው ምክር በቅደም ተከተል ቀርበዋል።

ድምፁ እንዴት ይፈጠራል?

ድምፅ በጆሮ ቦይ ገብቶ የጆሮን ታምቡር ያርገበግባል። ንዝረቱ በመካከለኛው ጆሮ በሚገኙት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አማካይነት ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይተላለፋል። በዚያ የሚገኘውና የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስለው ኮክልያ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉት። እነዚህ ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ለውጠው በመስማት ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልካሉ። በሰው ልጅ ላይ አንድ ጊዜ የሞቱ ፀጉር መሰል ሕዋሳት በሌላ አይተኩም።

ከኮክልያ የሚላከው መልእክት ሲቀንስ በአንጎል ውስጥ ያሉት የመስማት ማዕከላት የጎደለውን ለማካካስ እንቅስቃሴያቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህም እንቅስቃሴ ራሱ እንደ ድምፅ ይተረጎማል። ሁኔታው እግሩ የተቆረጠ ሰው በሌለው እግሩ ላይ ሕመም ከሚሰማው ጋር ይመሳሰላል። በዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የጩኸቱ ቅጥነት መስማት ከተጎዳበት የድምፅ መጠን ጋር ይቀራረባል፤ የመስማት ነርቭ በቀዶ ሕክምና በተቆረጠባቸው ሰዎች ላይ እንኳ ጩኸቱ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ስለሆነም ጩኸት የሚሰማው ሰው ሁሉ መስማቱ መመርመር ይኖርበታል፤ ራሱ «በደንብ እሰማለሁ» ቢልም እንኳ።

ከውጭኛውና ከመካከለኛው ጆሮ የሚመነጩ መንስኤዎች

የተጠራቀመና የደረቀ ኩክ በቀላሉ የሚገኝና በቀላሉ የሚወገድ መንስኤ ነው። ብዙ ሰዎች ኩክን በክብሪት እንጨት፣ በላባ ወይም በጥጥ በተጠቀለለ ዘንግ ለማውጣት ሲሞክሩ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፉታል፤ አንዳንዴም ታምቡር ይበሳሉ። ኩኩን በጠብታ አለስልሶ የሰውነት ሙቀት ባለው ንጹህ ውኃ ማጠብ ይቻላል። ሆኖም ታምቡሩ የተበሳ ከሆነ ወይም ጆሮው ቀደም ሲል መግል ያፈስ ከነበረ በውኃ ማጠብ አይገባም። ቀዝቃዛ ወይም በጣም የሞቀ ውኃ መጠቀም ደግሞ ከፍተኛ የማዞር ስሜት ያስከትላል።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ መግል የሚያፈስ ጆሮ በተለይ በሕፃናትና በወጣቶች ዘንድ በብዛት ይታያል። ታምቡሩ በመበሳቱና አጥንቶቹ በመጎዳታቸው የመስማት መቀነስና ጩኸት ይከተላል። ሕክምናው ጆሮውን በንጹህ ጨርቅ ወይም በጥጥ ፈትል ማድረቅና እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ የጆሮ ጠብታ መስጠት ነው። ጄንታማይሲን ወይም ኒዮማይሲን ያለባቸው ጠብታዎች በተበሳ ታምቡር አልፈው ውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዱ ስለሚችሉ መወገድ አለባቸው። መጥፎ ሽታ ያለው መግል፣ የማዞር ስሜት፣ የፊት መጣመም ወይም ከጆሮ ጀርባ እብጠት ከተጨመረበት አጥንት የሚበላ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ሕመምተኛው ያለመዘግየት ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት መላክ ይኖርበታል።

ኦቶስክሌሮሲስ የሚባለው በሽታ ደግሞ ሦስተኛዋን የጆሮ አጥንት በቦታዋ አድርቆ እንዳትንቀሳቀስ ያደርጋል። በአብዛኛው በወጣትነት ዕድሜ ይጀምራል፤ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ በቤተሰብም ይተላለፋል። ታምቡሩ ሲታይ ጤናማ ሆኖ መስማት ቀስ በቀስ ከቀነሰ ይህ በሽታ መጠርጠር አለበት፤ በቀዶ ሕክምና ወይም በመስማት አጋዥ መሣሪያ ሊረዳም ይችላል።

ከውስጠኛው ጆሮና ከነርቭ የሚመነጩ መንስኤዎች

ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ የመስማት መቀነስና ለከፍተኛ ድምፅ መጋለጥ በመላው ዓለም ከሁሉም የበዙት መንስኤዎች ናቸው። በቀን ለስምንት ሰዓት ያህል ከ85 ዴሲቤል በላይ ለሆነ ድምፅ መጋለጥ ጎጂ እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ በላይ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሊቆዩበት የሚቻለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 88 ዴሲቤል ለአራት ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ የሚፈቀድ ነው። የወፍጮ ቤት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የብረታ ብረትና የድንጋይ መፍጫ ሠራተኞች እንዲሁም በድምፅ ማጉያ አጠገብ የሚውሉ ሰዎች ሲመረመሩ ሥራቸው ሊጠየቅ ይገባል። ከሥራ በኋላ ጆሮ ጭው ብሎ በማግስቱ የሚለቅ ከሆነ ሕዋሳቱ እየተጎዱ መሆኑን ስለሚያመለክት የጆሮ መከላከያ መጠቀም የሚጀመርበት ጊዜ ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1861 ፕሮስፔር ሜንየር የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም የገለጸውና በስሙ የሚጠራው በሽታ አራት ምልክቶችን አጣምሮ ይይዛል፤ እነርሱም ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ ተደጋጋሚ የማዞር ስሜት፣ ከፍ ዝቅ የሚል የመስማት መቀነስ፣ የጆሮ መደፈንና ጩኸት ናቸው። ማጅራት ገትር፣ ቂጥኝና በጭንቅላት ላይ የደረሰ ጉዳትም ውስጠኛውን ጆሮ ወይም ነርቩን ሊጎዱ ይችላሉ።

በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማና የማይለቅ ጩኸት፣ በተለይ በዚያው ጆሮ መስማት ከቀነሰ፣ በመስማትና በሚዛን ነርቭ ላይ የሚያድግ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ እንዳለ ሊጠቁም ይችላል። ዕጢው የሚገኘው ጥቂቶች ላይ ቢሆንም በጊዜ ከታወቀ ሕክምናው ስለሚቀል ሕመምተኛው የኤምአርአይ ምርመራ ወደሚገኝበት ሆስፒታል ሊላክ ይገባል።

መድኃኒቶች

ከመንስኤዎቹ ሁሉ የጤና ባለሙያውን በቀጥታ የሚመለከተው ይህ ነው፤ መድኃኒቱን የሚያዝዘውም ሆነ መርፌውን የሚወጋው እርሱ ራሱ ነውና። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 ተገኝቶ ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መዋል በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕመምተኞች ሚዛናቸውንና መስማታቸውን እያጡ መሆናቸው ተስተውሏል። የዚሁ ቤተሰብ አባላት የሆኑት ጄንታማይሲን፣ አሚካሲን፣ ካናማይሲንና ኒዮማይሲን ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ። ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ይበልጥ የሚያጠቁት የሚዛን ክፍሉን ሲሆን፣ አሚካሲን፣ ካናማይሲንና ኒዮማይሲን ግን በዋናነት የመስማት ክፍሉን ይጎዳሉ።

ጉዳቱ የሚጀምረው ቀጭንና ከፍተኛ ድምፆችን ከሚቀበለው የኮክልያ ሥር ነው። የሰው ንግግር የሚሰማው በአብዛኛው ከዚያ በታች ባሉት ድምፆች ስለሆነ ሕመምተኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ወትሮው ይነጋገራል፤ ባለሙያውም መስማቱ የተነካ አይመስለውም። በዚህ ወቅት ሊሰማ የሚችለው ምልክት የጆሮ ጩኸት ነው። ጉዳቱ ወደ ንግግር ድምፆች ወርዶ ሕመምተኛው «ድገሙልኝ» ማለት ሲጀምር የጠፋውን መመለስ አይቻልም። ከዚህም ሌላ መድኃኒቱ በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል መርፌው ከቆመ በኋላም ጉዳቱ ሊቀጥል ይችላል።

በኢትዮጵያ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የተደራጀ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ ለወራት በየዕለቱ የሚሰጥ መርፌ የሕክምናው አካል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ስትሬፕቶማይሲን ያለበት የድጋሚ ሕክምና ከእንግዲህ እንዳይታዘዝ እ.ኤ.አ. በ2017 አሳሰበ። በ2019 ባወጣው መመሪያም ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን እንዳይሰጡ መከረ። በ2022 ደግሞ ቤዳኩሊን፣ ፕሬቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን የያዘ፣ መርፌ የሌለበትና በአፍ የሚወሰድ የስድስት ወር ሕክምናን አስተዋወቀ። ይህ ትልቅ እፎይታ ቢሆንም አደጋው ፈጽሞ ተወግዷል ማለት አይደለም። አሚካሲን ሌላ አማራጭ ለሌላቸው አዋቂዎች የመስማት ክትትል እስከተደረገ ድረስ አሁንም ሊሰጥ ይችላል። ቀደም ሲል በመርፌ የታከሙ ሰዎችም ከጩኸትና ከመስማት መቀነስ ጋር ወደ ጤና ተቋማት መምጣታቸው አይቀርም።

ጄንታማይሲን ደግሞ በየጤና ተቋሙ በስፋት ይሰጣል፤ በጨቅላ ሕፃናት ከባድ ኢንፌክሽን ሕክምና ላይ ዋና መድኃኒት ነው። የሚያተርፈው ሕይወት ብዙ በመሆኑ ሊፈራ አይገባም። ነገር ግን ጨቅላ ሕፃን ጆሮው መጮኹን መናገር አይችልም። ስለዚህ ጥንቃቄው በባለሙያው እጅ ነው፤ ሕፃኑን መዝኖ በክብደቱ ልክ መስጠት፣ ከታዘዘው ቀን አለማስበለጥ፣ ከፉሮሴማይድ ጋር በአንድነት ከመስጠት መቆጠብ ያስፈልጋል። ከሕክምናው በኋላም እናትየዋ ሕፃኑ በከፍተኛ ድምፅ መደንገጡን፣ በስድስት ወር ገደማ ወደ ድምፅ መዞሩን እንድትከታተል መምከር ይገባል።

አደጋው የሚጨምረው ኩላሊታቸው በታመመ፣ በአረጋውያን፣ መድኃኒቱ በተደጋጋሚ ወይም ለረጅም ጊዜ በሚሰጣቸውና በእናት በኩል በሚወረስ የማይቶኮንድሪያ ዘረ መል ለውጥ ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። ይህ ለውጥ ያለበት ሰው በጥቂት መርፌ እንኳ ሊደነቁር ስለሚችል «በእናትዎ ወገን መርፌ ተወግቶ የደነቆረ ሰው አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስትሬፕቶማይሲን የፅንሱንም ጆሮ ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። ኪኒን የተባለው የወባ መድኃኒት በሚሰጥበት ጊዜ የጆሮ ጩኸት፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተለመዱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም መድኃኒቱ ሲያበቃ ይለቃሉ። አስፕሪን በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ፣ ለምሳሌ በሩማቲክ ትኩሳት ሕክምና ጊዜ፣ ጩኸቱ የመድኃኒቱ መጠን መብዛቱን ያመለክታል፤ ሲቀነስ ወይም ሲቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። ፉሮሴማይድ በብዛት በደም ሥር ሲሰጥ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ4 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲን ግን እንደ አሚካሲን ሁሉ ዘላቂ ጉዳት ያደርሳል።

ከልብ ትርታ ጋር የሚሄድ ጩኸት

ሕመምተኛው ድምፁ ከልብ ምቱ ጋር እኩል እንደሚመታ ከገለጸ መንስኤው ከደም ዝውውር ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ጣቱን በእጅ አንጓው ላይ አድርጎ ድምፁን ከትርታው ጋር እንዲያመሳክር ማድረግ ይቻላል። የደም ማነስ፣ እርግዝና፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት፣ የደም ግፊትና የአንገት የደም ቧንቧ መጥበብ በዚህ ይመደባሉ። ከታምቡር በስተጀርባ ቀይ ሆኖ የሚታይና የሚርገበገብ ዕጢም ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ዓይነቱ ፈጽሞ ሊነካ ወይም ሊወጋ አይገባም። ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ፣ በተለይ ክብደቷ በጨመረ ወጣት ሴት ላይ፣ በጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ማለቱን ለማጣራት የዓይን ግርጌ መታየት አለበት። በአንገትና ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ በማዳመጫ መስማትም ጠቃሚ ነው።

በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚደረግ ምርመራ

ጥሩ ታሪክ መጠየቅ ከመሣሪያ በፊት ይቀድማል። ጩኸቱ በአንድ ነው ወይስ በሁለት ጆሮ? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ የመጣ? ከልብ ትርታ ጋር ይሄዳል? መስማት ቀንሷል? ማዞር አለ? የሚወሰድ መድኃኒትና መርፌ ምንድን ነው? ሥራው ምንድን ነው? እንቅልፍና ስሜትስ እንዴት ነው? የሚሰማው ድምፅ ትርጉም ያለው ንግግር ከሆነ ጉዳዩ የጆሮ ጩኸት ሳይሆን የአእምሮ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው መንገድ መመርመር አለበት።

ከዚህ በመቀጠል ጆሮው በኦቶስኮፕ ይታያል፤ የደም ግፊትና የደም ማነስ ይለካል። የ512 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ ካለ በግንባር መካከል አስቀምጦ ድምፁ ወደ የትኛው ጆሮ እንደሚያመዝን መጠየቅ ብዙ ነገር ይገልጣል። ድምፁ ወደ ታመመው ጆሮ ካመዘነ ችግሩ ከውጭኛው ወይም ከመካከለኛው ጆሮ፣ ወደ ጤነኛው ጆሮ ካመዘነ ደግሞ ከውስጠኛው ጆሮ ወይም ከነርቩ ነው።

ይህ ቀላል ምርመራ በተለይ የሚያስፈልገው መስማት በድንገት ሲጠፋ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ በአንድ ጆሮ የመጣ የመስማት መጥፋት ብዙ ጊዜ ከጩኸትና ከመደፈን ስሜት ጋር ስለሚመጣ ኩክ ወይም ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል። ታምቡሩ ጤናማ ሆኖ ድምፁ ወደ ጤነኛው ጆሮ ካመዘነ ግን አስቸኳይ ሕመም ነው። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ መሞከር የሚመከረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ቀኑ ባለፈ ቁጥር የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል። ስለሆነም የስኳር በሽታና ቲቢ አለመኖራቸውን አጣርቶ በዚያው ዕለት ከስፔሻሊስት ጋር መመካከር ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባል።

ለጆሮ ጎጂ መርፌ ለሚወስድ ሕመምተኛ ከመጀመሩ በፊትና ከዚያም በየወሩ በኦዲዮሜትር መለካት ተገቢ ነው። መሣሪያው ባይኖር እንኳ መርፌው በሚሰጥበት ዕለት ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል፤ «ጆሮዎ ይጮኻል? መስማትዎ ቀንሷል? ሲራመዱ፣ በተለይም በጨለማ፣ ሚዛንዎን ይስታሉ?» ሕመምተኛው ሕይወቱን የሚያድነው መድኃኒት እንዳይቋረጥበት በመስጋት ሳይጠየቅ ላይናገር ይችላል። ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ «አዎን» ካለ መልሱ በካርዱ ላይ ተጽፎ፣ ቀጣዩ መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ለሚያክመው ሐኪም መነገር አለበት። የቲቢ ሕክምናው ግን ሊቋረጥ አይገባም፤ የሚቀየረው ጎጂው መድኃኒት ብቻ ነው።

ሕክምናና ምክር

መንስኤው ሊታከም የሚችል ከሆነ እርሱን ማከም ይቀድማል። ጩኸቱ ራሱን የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ ቫይታሚኖችና ጊንኮ ቢሎባ የሚባለው የዕፅ ውጤት ጥቅማቸው አልተረጋገጠም። በጆሮ ውስጥ ዘይት ወይም የዕፅዋት ጭማቂ መጨመር ደግሞ ጉዳት እንዳለው ለሕመምተኛው በአክብሮት ሊነገረው ይገባል።

ይህ ማለት ግን እርዳታ የለም ማለት አይደለም። መስማታቸው ለቀነሰ ሰዎች የመስማት አጋዥ መሣሪያ ጩኸቱን ጭምር ያቀልላቸዋል። ጩኸቱ ጎልቶ የሚሰማው በጸጥታ፣ በተለይም በሌሊት ስለሆነ ዝቅ ያለ የራዲዮ ድምፅ ወይም ሌላ ለስላሳ ድምፅ መክፈት ለእንቅልፍ ይረዳል። ጭንቀትን ለመቀነስ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው አስተሳሰብንና ባሕርይን በመለወጥ ላይ የተመሠረተ የምክር ሕክምና ነው። ለከፋ ጩኸት የተጋለጡ ሰዎች በድብርትና በእንቅልፍ ማጣት ሊሠቃዩ ስለሚችሉ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ መኖሩን ሳይፈሩ መጠየቅና ካለም ወዲያው ማከም ያስፈልጋል።

«ምንም የለብዎትም» ማለት ሕመምተኛውን አያጽናናም፤ ድምፁ ይሰማዋልና። ድምፁ እንዴት እንደሚፈጠር በቀላል ቋንቋ ማስረዳት፣ አደገኛ መንስኤ መኖር አለመኖሩ እንደተመረመረ መንገርና አንጎል ከጊዜ ጋር ለድምፁ የሚሰጠው ትኩረት በብዙዎች ላይ እየቀነሰ እንደሚሄድ ማሳወቅ ፍርሃቱን ያቃልላል።

ማጠቃለያ

በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ፣ ከልብ ትርታ ጋር የሚሄድ፣ ከድንገተኛ የመስማት መጥፋት፣ ከማዞር፣ ከፊት መጣመም ወይም ከጭንቅላት ጉዳት ጋር የመጣ የጆሮ ጩኸት ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል የሚላክ ነው። ከአሚካሲን፣ ከጄንታማይሲን፣ ከስትሬፕቶማይሲን ወይም ከሲስፕላቲን ጋር የመጣ ጩኸት ደግሞ ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ለሐኪሙ መድረስ ያለበት መረጃ ነው። ጥያቄውን መጠየቅ ወጪም መሣሪያም አያስፈልገውም። መርፌ ክፍል ያለች ነርስና መድኃኒት የሚያድል ባለሙያ ይህን ጥያቄ የዕለት ተዕለት ሥራቸው አካል ካደረጉት ሕመምተኞች ከበሽታቸው ሲድኑ መስማታቸውንም ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።